የሐይቅ ዳር ኮታ

ሊድያ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ዘጠና አንድ ስታመጣ አባቷ ግሩም ደስ ሊለው ሲገባ ተበሳጨ። የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ መስፈርት በሩ ላይ ተለጥፏል። ለባሕር ዳር ከተማ ልጅ መቁረጫው ዘጠና አራት ነው፤ ለሐይቅ ዳር ቀበሌዎች ግን ሰባ ስምንት፣ ለእያንዳንዱም ቀበሌ አንድ ቦታ። ሦስት ነጥብ! ሰው በሦስት ነጥብ ልጁን ያጣል እንዴ? ያጣል፤ ግሩም ባሰበው መንገድ ባይሆንም።

ግሩም ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ላይ እንከን ሲፈልግ የኖረ ሰው ነውና የራሱ ሥራ ላይ እንከን አይታየውም። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመቷ። ስትሞት «አደራ፣ አስተምራት» ብላው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለእሱ ዓለም ሁሉ ትምህርት ቤት ሆነች። የሊድያን ዩኒፎርም የሚተኩሰው፣ ጸጉሯን እንዲሠሩለት ጎረቤት የሚለማመጠው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም።

ታዲያ አንድ የሥራ ባልደረባው ወሬ አመጣለት። በሐሙሲት በኩል አንዲት ሐይቅ ዳር ቀበሌ አለች፤ ቦታዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ከነዋሪዎቹ አንዱ «ልጂቱ እኔ ዘንድ የምታድግ ናት» ብሎ ቢመሰክር ቀበሌው ደብዳቤ ይጽፋል። ግሩም ቦታው ለምን ባዶ ሆነ ብሎ አልጠየቀም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን የሚለቅምበት ፋታ እንኳ አላገኘም።

ቅዳሜ ከልጁ ጋር ሐሙሲት ወረዱ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሐይቁ ዳር እምቦጭ አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፏል። መንደሩ ውስጥ ላሞች አሉ፣ ዶሮዎች አሉ፤ የልጅ ድምፅ ግን የለም። የተጠቆሙት ሴት ወይዘሮ አገርነሽ ይባላሉ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የታጠበ የተማሪ ዩኒፎርም ተሰቅሏል፤ ደጃፉ ላይ የደረቀች የደንገል ታንኳ ቆማለች።

«የማኅሌት ነው» አሉ ሴትየዋ፣ ሊድያ ዩኒፎርሙን ስታይ አይተው። «ፈተናውን አለፈች። ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ ታንኳዋ ብቻዋን ተመለሰች። ልጄን ሐይቁ ይኸው እስካሁን አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ልጁን የሚልክ የለም።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ ግሩም፤ ከልቡ ነበር። ሆኖም እጁ ኪሱ ውስጥ የደብዳቤውን ረቂቅ እየዳበሰ ነበር፤ አውጥቶም የመጣበትን ነገራቸው።

«እመሰክርልሃለሁ። ግን በሐሰት አልምልም። መጀመሪያ ልጂቱን ጡት ላስጥባት።»

የድሮ ወግ ነው። የሌላ ሰው ልጅ የራሱ ሊያደርግ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያስጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ የጡት ልጅ ነው። ግሩም በሆዱ ሳቀ፤ ማር መላስ ምን ይጎዳል?

«አንድ ነገር ግን ዕወቅ» አሉት። «ወላጅ በአፉ እስኪለቃት ድረስ ግማሽ ልጄ ናት። በአፉ የለቀቃት ቀን ሙሉ ትሆናለች።»

«እሱስ አይሆንም» አለ ፈገግ ብሎ።

ሊድያ ጣታቸውን ጠባች። እናት ካጣች ሰባት ዓመቷ ነውና ሴትየዋ ራሷን ሲዳብሷት ዓይኗን ጨፈነች። ሴትየዋም መሰከሩ፤ ቀበሌውም ደብዳቤውን ጻፈ። ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ፣ «አባዬ፣ ማሩ ሐይቅ ሐይቅ ይላል» አለችው። «የገጠር ማር እንደዚያ ነው» ብሎ አለፈው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ግሩም አንድ ነገር ግራ ገባው። ማታ ተኩሶ የሰቀለውን ዩኒፎርም ጠዋት ርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። ጣሪያውን አየ፤ አያፈስም። እየደጋገመ ተኮሰው። ልጂቱም ንግግሯ ተለወጠ፤ እንደ ሐይቅ ዳር ሰው «ሄድሁ»፣ «በላሁ» ትላለች። የመግቢያ ኮሚቴው የከተማ ሰው ማጭበርበሩን ስለሚያውቅ ስለ ቀበሌው እየጠየቀ ያጣራል፤ ስለዚህ ግሩም የምትለማመድ መስሎት «ጎበዝ፣ እንደዚያው ተናገሪ» አላት። በግራ እጇ መጻፍ ስትጀምር ግን «ጎበዝ» ለማለት ምላሱ አልታዘዘውም።

የቃለ መጠይቁ ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ጌትነት ሐይቁን በሚያሳይ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጠየቋት። ታንኳ የት ታስራላችሁ? ከወርካው ሥር። ክረምት ውኃው እስከ የት ይደርሳል? እስከ ቤታችን አጥር። ግሩም ይህን ሁሉ አላስጠናትም፤ እሱም አያውቀውም።

«ሐይቁን በታንኳ ተሻግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለቃለ መጠይቅ ስመጣ። አልደረስሁም።»

መምህሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ፤ ልጂቱ ፈርታ የተደናገረች መሰላቸው። ግሩም ግን ወንበሯ ሥር ያለውን አየ። ሲሚንቶው ላይ ውኃ ተኝቷል፤ ቀስ እያለ ወደ እሱ ጫማ ይመጣል።

«እርስዎስ?» አሉ መምህሩ ወደ እሱ ዞረው። «መልካችሁ ይመሳሰላል። የከተማ ነዋሪ መሆንዎን መታወቂያዎ ይናገራል። አባቷ ከሆኑ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይዘዋት ይሂዱ።»

ይዘዋት ይሂዱ። ግሩም ይህን ቃል ኋላ ስንት ሌሊት እንዳብሰለሰለው እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። በሩ ተከፍቶለት ነበር። የሴትየዋ ነገር ትዝ አለው፤ ፈራ፣ በጣም ፈራ። ነገር ግን አደራው ነበር፣ ሦስቱ ነጥብ ነበር፣ የተማረ ሰው ደግሞ ማር አይፈራም። ቤት ስንገባ አስረዳታለሁ አለ በልቡ።

«አባቷ አይደለሁም» አለ። «ሸኚ ነኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሊድያ ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ተነፈሰች።

ቤት ሲገቡ ሊያስረዳት ሞከረ፤ እሷ ግን እንግዳ እንደምታዳምጥ በአክብሮት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። በሳምንቱ ስሟ ከአለፉት ጋር ተለጠፈ። በመግቢያው ቀን ጠዋት ግሩም ሲነሣ አልጋዋ ባዶ ነው። የሰቀለው ዩኒፎርም በቦታው አለ፤ ነካው፤ ደረቅ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ ነበር።

ዩኒፎርሙን ክንዱ ላይ ጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። በሩ ላይ አገኛት። የለበሰችው የማኅሌትን፣ ያን ሐይቅ ዳር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ነው፤ ጫፉ ይንጠባጠባል። ወይዘሮ አገርነሽ አጠገቧ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ያብሳሉ።

«ሊድያ» አለ። አልዞረችም። «ሊድያ፣ ልጄ።»

ሁለተኛው ላይ ዞረች። ፊቷ ያው የእሱ ልጅ ፊት ነው፤ አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ እሱ ብስክሌት ሲያስተምራት ወድቃ ያገኘችው ነው። ዓይኗ ውስጥ ግን የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

«ስለሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ክንዱ ላይ ያለውን ዩኒፎርም አይታ አዘነችለት። «የእርስዎስ ልጅ አለፈች?»

ግሩም አፉን ከፈተ፤ ሊናገር የቀረው አንድ እውነት ብቻ ነበር።

«ሦስት ነጥብ ጎደላት» አለ።

«አይዞዎት» አለችና ገባች።