ሸለብታ ሲሄድ የሚሞተው ድረ ገጽ

ሸለብታ የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ሰውየው ዓይኑ እንደተከፈተ፣ ጣቶቹም ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ፣ ወደ ሌላ ዓለም ሄዶ የመመለስ ተሰጥኦ አለው። ሙያው ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ ሲያንቀላፋ “እያሰበ ነው” ይባልለታል፤ ሲያስብ ደግሞ “አንቀላፋ” ይባልበታል። ልዩነቱን እሱም በቅጡ የሚያውቀው አይመስልም።

ዛሬ ግን ለሁለቱም ጊዜ የለውም። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ባቡር አለ። ሚስቱና ልጁ ይሳፈራሉ። የእሱ ነገር ገና አልለየለትም። ልጁ ሐይቅ በሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ሊሄዱ ሲሉ የአንድ ጫማ መደብር ድረ ገጽ ወደቀበትና ቀሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሻንጣ ተዘግቶ፣ የመስኮት መጋረጃ ተጋርዶ፣ የአንድ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ መቀበያ ድረ ገጽ አበደና ቀሩ። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ የልጅቷን ጸጉር እያበጠረች፣ ቀና ሳትል ነገረችው፦

“ሁለት ጊዜ አብረንህ ቀርተናል። የዛሬውን ብቻህን ትቀራታለህ።”

“እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።”

“እሱንማ ሁልጊዜ ትላለህ፤ የኔ ጌታ።”

“የኔ ጌታ” ያለችበት ድምፅ እስከ ቢሮው ተከተለው።

የሚሠራው በከተማው አውቶቡሶች ላይ የተረሱ ዕቃዎች የሚጠበቁበት ቢሮ ውስጥ ነበር። ቢሮው መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር የተከፈቱ ረጅም አዳራሽ ነው። ብርሃኑ ከላይ አቧራ እያንሳፈፈ ይወርዳል፣ መደርደሪያዎቹ ላይ ደርሶም የሚያርፍበትን የሚመርጥ ይመስላል። ዣንጥላዎች እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ተሰቅለዋል። ጓንቶች ጥንዳቸውን ፍለጋ መዳፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ለሁሉም ፈገግ ይላል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የተረሱ ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀን ይኖራሉ። ሸለብታ እዚያ አዳራሽ በገባ ቁጥር በሰው ሕልም ውስጥ ሳያንኳኳ የገባ ይመስለዋል።

የቢሮው ኃላፊ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከትከሻቸው የሚሰፋ ሴትዮ ናቸው። ሁሉም እትዬ ይላቸዋል። የሚያነቡበት መነጽር ከመደርደሪያው የተወሰደ ነው። “ባለቤቱ እስኪመጣ ነው” ይላሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ መነጽሩን አጥቶ ቢሮውን እንዴት እንደሚያገኘው ማንም አልጠየቃቸውም።

ሸለብታ የሠራላቸው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ያሳያል፤ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ “ዣንጥላ” ብሎ ሲጽፍ የከተማው የተረሳ ዣንጥላ ሁሉ ይሰለፍለታል። ምረቃው ዛሬ ጠዋት ነበር። የአውቶቡስ ድርጅቱ ዳይሬክተር ሪባን ካልቆረጥኩ አሉ፤ ሪባኑ የሚታሰርበት ነገር ሲጠፋ የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ታሰረና ተቆረጠ። ስክሪኑም በመቀስ ትንሽ ተጫረ። ዳይሬክተሩ ስለ ዘመኑ ቴክኖሎጂ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበ። ሸለብታም አብሮ አጨበጨበና ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ውልቅ አለ።

ደረጃው ላይ ስልኩ ጮኸ።

“አንተ ልጅ፣ ሞተ!” አሉ እትዬ።

“ማን ሞተ?”

“ድረ ገጹ ነዋ! ሌላ ማን ሊሞት? ዣንጥላ ብዬ ብጽፍ ይቅርታ ይለኛል። ምን አደረገኝ ብሎ ነው ይቅርታ የሚለኝ?”

ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍሬምወርክ ማለት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ከመሠረቱ እንዳይጀምር ምሰሶና ማገሩ ቆሞ የሚሰጠው ቤት ነው። ይህ ቤት ገና በጓዳ ሲሠራ ስህተት ከተገኘበት ቀይ በቀይ ሆኖ፣ ፋይሉን ከነመስመሩ እየጠራ፣ ሰፈር ይሰማል ሳይል ይለፈልፋል። አደባባይ ላለው ሰርቨር፣ ድረ ገጹን ለሕዝብ ለሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ሲሰጥ ግን ጨዋ ይሆናል። በእንግዳ ፊት ገበናውን ሸፍኖ፣ “ይቅርታ፤ የሆነ ችግር ተፈጥሯል” ብቻ ይላል። ጠጋ ብለህ “ምን ሆነህ ነው?” ብትለው፣ “ምንም አልሆንኩም” እንደሚል ባለትዳር ፊቱን ያዞርብሃል።

ሸለብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ላፕቶፑን ከፈተ፤ ድረ ገጹን ጠራው። ዣንጥላዎቹ አንድ ሳይጎድሉ ተሰልፈዋል።

“እትዬ፣ ይሠራል እኮ።”

“ሞቶ ነበር እኮ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!”

ሰርቨሩ ውሎውን የሚጽፍበትን መዝገብ ከፍቶ አየ። “መጋዘኑን ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም” የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። መጋዘን የሚለውን ስም ለመረጃው ማስቀመጫ ያወጣለት ራሱ ሸለብታ ነው። ሰርቨሩን ወዳከራየው ድርጅት ደወለ። ከወዲያ በኩል እንቅልፍ የተጫነው የሚመስል ወጣት አነሳ።

“መጋዘኑ ጤነኛ ነው ወንድሜ። እንዲያውም ሥራ ፈቶ ቁጭ ብሏል።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ዝንብ እንኳ አላረፈበትም።”

ሸለብታ ይህን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ለቀቀው። የሙያ አጋሮቹ ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ፦ አጥፍቶ አበራ፤ ያረጀውን ትርፍራፊ ጠረገ፤ የፋይሎቹን ፈቃድ መረመረ። ሠራ። ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ሞተ። ተመልሶ ከፈተ፤ ዳነ። የትናንቱን ቅጂ መለሰበት፤ ሠራ። ዘግቶ ወጣ፤ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሲደርስ ሞተ። ተመለሰ፤ ገና ወንበሩ ላይ ሲደላደል ዳነ። ሕመምተኛው ሐኪሙን ሲያይ ብድግ ብሎ እንደሚቀመጥ ዓይነት ነው።

ቀስ በቀስ አንድ እንግዳ ሐሳብ ውስጥ ገባ። ምናልባት እነዚህ ዕቃዎች ያሉት እሱ ስለሚያያቸው ብቻ ይሆናል። ዓይኑን ሲነቅል ከዓለም ይነቀላሉ። ጓንቶቹን አየ፤ ጓንቶቹም አዩት። ሰዓቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ቀጭ ብለው የተስማሙ መሰለው።

“እኔ ገብቶኛል” አሉ እትዬ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። “ለምዶሃል።”

“ማን?”

“ድረ ገጹ። ሕፃን ልጅ እናቱ ስትሄድ አያለቅስም? ትልቋን ልጄን ሥራ ስሄድ ልብሴን እተውላት ነበር። ሽታዬን ስትይዝ ዝም ትላለች።”

“እትዬ፣ ይሄ ማሽን ነው።”

“ማሽን ከሆነ ለምን አንተን ሲያይ ይድናል? በል ጃኬትህን ተውለት።”

ሸለብታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወጥቷል፤ የምረቃ ፎቶው ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጃኬቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አንጠለጠለው። እጅጌውንም ወደ ስክሪኑ ዞር አደረገው። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ ሹልክ አለ።

“ሞተ!” አሉ እትዬ ከኋላው። “ጃኬቱ ታጥቧል መሰለኝ!”

ጃኬቱን መልሶ ሲለብስ ሚስቱ ደወለች። ከኋላዋ የጣቢያው ድምፅ ማጉያ ያስተጋባል።

“ደርሰናል። ልጅህ መስኮት በኩል ቦታ ያዝኩልህ እያለች ነው። ምን ልበላት?”

“መጣሁ በያት!” ብሎ ስልኩን ዘጋና በሩጫ ወጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረደ፤ ፌርማታውን አለፈ፤ መስቀለኛው መንገድ ጋ ደረሰ። እዚያ ቆመ። የሆነ ነገር ጎድሏል። ስልኩ አልጮኸም።

ቦርሳውን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ላፕቶፑን ከነክፍቱ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጥቷል።

ተመልሶ ሲገባ እትዬ የስክሪኑን ዣንጥላዎች በጣታቸው እያገላበጡ በደስታ ይስቃሉ። “አየህ? ሮጠህ ስትወጣ ድረ ገጹ አላየህም መሰለኝ፤ አላለቀሰም!”

ሸለብታ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። እጁን ላፕቶፑ ክዳን ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑን ከእትዬ ስክሪን ሳይነቅል ቀስ ብሎ ዘጋው።

“ሞተ!” አሉ።

ከፈተው።

“ተነሳ!”

ዘጋው። “ሞተ!” ከፈተው። “ተነሳ! ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ልቤን አታውርደው!”

ሸለብታ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ድረ ገጹን ሲሠራ መረጃውን ሁሉ ያስቀመጠው እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። እትዬ ሥራው ምን ደረሰ ብለው ሲጨቀጭቁት ከላፕቶፑ እስከ ውጭው ዓለም ትንሽ ዋሻ ቆፈረላቸው፤ በኢንተርኔት በኩል ሾልከው እንዲያዩ። ወደ ሰርቨሩ ሲዛወር ፕሮግራሙን ሁሉ አጓጓዘ፣ መረጃውን መገልበጥና “መጋዘኑ እዚህ ነው” የምትለዋን አንዲት መስመር መቀየር ግን ረሳ። ስለዚህ ያ ውድ ሰርቨር ሰው ዣንጥላ በጠየቀው ቁጥር በዋሻው ውስጥ እየሮጠ የሸለብታን ላፕቶፕ ያንኳኳል። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል። የተኛ ደግሞ በር አይከፍትም።

“እኔው ነኝ” አለ። “ከተማው ሁሉ ዕቃውን የሚያየው በእኔ ላፕቶፕ ነው።”

“ታዲያ ጥሩ አይደል? እዚሁ ተወው። ዳንቴል እሠራለታለሁ።”

“ስትወጡ መብራት ከዋናው ታጠፉ የለ? ባትሪው ሲያልቅ ያው ክዳኑ እንደተዘጋ ነው።”

መድኃኒቱ ግልጽ ነው። መረጃው ሰርቨሩ ላይ ወዳለው እውነተኛ መጋዘን ይገለበጥ፤ ከዚያ መስመሯ ትቀየር። ማስገልበጡን ጀመረ። ግን የዕቃዎቹ ፎቶ ብዙ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያዘግማል። ባቡሩ አይጠብቅም፤ መስመሯን የሚቀይር እጅም መጨረሻ ላይ መገኘት አለበት።

ላፕቶፑን ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አገናኘው። እንደተከፈተ በሁለት መዳፉ አነሳው።

“ወዴት ነው?”

“ወደ ሐይቅ።”

እስከ አፉ የተሞላ ገንዳ እንደተሸከመ ሰው፣ ክርኑን አጥብቆ፣ ጎዳናው ላይ ወጣ። ከተማው ዝም ያለ መሰለው። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ትራፊክ ፖሊሱ ምን እንደሆነ ባያውቅም ሊፈስ የሚችል ነገር መሆኑ ስለገባው መኪናዎቹን ሁሉ አቆመለት። ከዛፎቹ ሥር ሲያልፍ ሐምራዊ አበባ ኪቦርዱ ላይ ረገፈ፤ እፍ ለማለት እንኳ ፈራ። ስክሪኑ ላይ የሚገለበጡት ዕቃዎች ስም በዝግታ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፦ ቡናማ ጓንት፣ የግራ። የሕፃን ጫማ፣ እርጥብ። ቫዮሊን፣ መምቻ የሌለው። ይህ ሁሉ የሰው መርሳት እጁ ላይ ነበር፤ የሚገርመው ክብደት የለውም።

በባቡር ሐዲዱ ሥር ያለውን ዋሻ አቋርጦ ብርሃን ላይ ሲወጣ ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። እጅ የለውም። አንገቱን ሰብሮ በአፍንጫው ነካው።

“ዣንጥላዎቹ ሄደው ነበር!” አሉ እትዬ። “አሁን ተመለሱ። የት ወሰድካቸው?”

“ዋሻ ውስጥ ነበርን፣ እትዬ።”

“ጠንቀቅ በል እንጂ!”

ጣቢያው ደረሰ። ሚስቱ አንድ እግሯን የባቡሩ በር ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ትኬት ተቆጣጣሪው እየለመናት ነው።

“ኧረ ሥራህን ይዘህ መጣህ?”

“መዝጋት አልቻልኩም።”

“አራስ ነው እንዴ? ግባ!”

ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ልጁ የያዘችለት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ባቡሩ በየጓሮው የተሰጡ ልብሶችንና የቤቶችን ጀርባ እያሳየ ሲጎተት ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ በራ። ከቤቶቹ ማለቂያ በኋላ የመጨረሻው ዕቃ፣ አንድ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ ተገለበጠ። ሸለብታ መስመሯን ቀየረ። ሰርቨሩን አጥፍቶ አበራው። ዣንጥላ ብሎ ጻፈ። ዣንጥላዎች ተሰለፉ።

እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈና እዚያው ተወው።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለች ሚስቱ።

“ብዘጋው ሊሞት ይችላል።”

“ከሞተስ?”

“የመጀመሪያው ጣቢያ ላይ… እወርዳለሁ።”

ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ያዞረችው ፊቷ ከማንኛውም የስህተት መልእክት ይልቅ ግልጽ ሆኖ ተነበበው።

“አባዬ፣ ማን ነው የሚሞተው?” አለች ልጁ።

“የሰው ዕቃ ሁሉ።”

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሁለት እጇን አንሥታ ክዳኑን ቀጭ አደረገችው።

ሦስቱም ስልኩን አዩት። ስልኩ ዝም አለ። የእርሻ ማሳ አለፈ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ አለፈ፤ ባቡሩ ለመጀመሪያው ጣቢያ ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ያን ጊዜ ጮኸ።

ሸለብታ አነሳው። “እትዬ? ሞተ?”

“የለም፣ አልሞተም።”

“ታዲያ ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነም። አሁን አንድ ሰውዬ ዣንጥላውን አይቶ ደውሏል። ሁሉም ደህና ነው።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እንዲያው ስትጠፋብኝ ጊዜ ጨነቀኝ እንጂ። በል ደህና ሁን።”

ባቡሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ የእርጥብ ሣር ሽታ ገባ። ማንም አልወረደም። በሩ ተዘጋ። ሚስቱ ከመስኮቱ ዞራ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ ተመቻቸች።

“አባዬ፣ ሐይቁ በየት በኩል ነው የሚመጣው?”

እሱም አያውቅም። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይጠብቁት ጀመር።