የሮማ ሕግ በፌርፋክስ

ጋሼ ቀለመወርቅ ስድስት ኪሎ ሁለት ዓመት ሕግ ተምረዋል። እዚህ አሜሪካ ግን ዌስትቼስተር የሚባል ሰፈር ካለ ሆቴል የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። እነዚያን ሁለት ዓመታት ባይማሩ ኖሮ እኔም ያን ሁሉ ባልተቃጠልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1987 መጀመሪያ የሐበሻ ማኅበራችን ሊቀመንበር መምረጥ አቃተው። ግማሹ ዳኛቸው አለ፣ ግማሹ ካሣዬ። ሁለቱም ታክሲ ድራይቭ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም አጉል ኩራተኞች ናቸው። ፌርፋክስ ካለችው ምግብ ቤት ጓሮ ስንጨቃጨቅ ጋሼ ቀለመወርቅ ተነሡ።

"ሮማውያን ንጉሣቸውን ሲያባርሩ ሁለት እኩል ሹም ሾሙ። አንዱ ያዘዘውን ሌላው ከከለከለ ቀረ። የአሜሪካም ሕግ ሆነ የእኛም ፍትሐ ብሔር ሥሩ እዚያ ነው" አሉ።

ፍትሐ ብሔር ሲባል ማን ደፍሮ ይከራከራል? አጨበጨብንና ሁለቱንም እኩል ሊቀመንበር አደረግናቸው።

መከልከሉ ወዲያው ተጀመረ። ዳኛቸው የፋሲካ አዳራሽ ቫን ናይስ ይሁን ሲል ካሣዬ ከለከለ። ካሣዬ ክሬንሾው ሲል ዳኛቸው ከለከለ። ፋሲካን በየቤታችን ዋልን።

እኔን ቦሰናን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። የጥገኝነት ጉዳዬ ጁን አሥራ አምስት ኮርት ይታያል። ሎየሬ "ማኅበራችሁ እንደሚያውቅሽ፣ ከደርግ ሸሽተሽ እንደመጣሽ የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪ፤ ያለሱ ይመልሱሻል" አለኝ። ዳኛቸው ወዲያው ጻፈልኝ። ካሣዬ "እኔ ሳልጠየቅ?" ብሎ ከለከለ። ካሣዬ በተራው ያንኑ ቃል በቃል ጻፈ፤ ዳኛቸው ከለከለ።

"በአንቺ አይደለም እኮ ቦስዬ፣ የመርህ ጉዳይ ነው" ይሉኛል ሁለቱም። እኔ ልባረር ነው፣ እነሱ መርህ ይላሉ።

ለኮርቱ አምስት ቀን ሲቀር ስብሰባው መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ጋሼ ቀለመወርቅ ለዚህም መላ አላጡም። ሮማውያን ሲጨንቃቸው ሁሉንም ብቻውን የሚወስን፣ ማንም የማይከለክለው አንድ ሰው ይሾሙ ነበር አሉ፤ ለስድስት ወር ብቻ።

"እንዲያውም አንዱ ገበሬ በአሥራ ስድስት ቀን ሥራውን ጨርሶ ወደ እርሻው ተመልሷል።"

ማን ይሁን ሲባል ሁሉም እሳቸውን አየ። እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ። ከአንድ ሰው አገዛዝ አምልጠን፣ ገሚሳችን የሱዳንን በረሃ በእግራችን አቋርጠን የመጣን አርባ ሰዎች በአንድ ድምፅ ሾምናቸው። ደብዳቤዬ በአምስት ደቂቃ ተፈረመ።

ኮርት ቀርቤ "ለጊዜው ነው ብሎ መጥቶ አልለቅም ያለ መንግሥት ነው ያሰደደኝ" ብዬ መሰከርኩ። ዳኛዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ጥገኝነት ሰጠችኝ። ደስታዬን አልችለው አልኩ፤ ያን ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳምኩ።

ዲሴምበር ላይ የጋሼ ቀለመወርቅ ስድስት ወር አለቀ። እስከዚያ ዳኛቸውንና ካሣዬን ከስብሰባ አግደዋል፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር። ማኅተሙንም ከመኪናቸው አያወጡትም። እንደተሰበሰብን ተነሡና "ሥራው ገና ነው፣ ለጊዜው ልቀጥል" አሉ።

ኮርት ያልኩትን የሰማው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ነገር ልናገር ብድግ አልኩ።

እህቴ ሔለን ከካርቱም የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የሷም የጥገኝነት ጉዳይ ማርች ላይ ይታያል።

"ጋሼ ይቀጥሉ" አልኩና ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ።