በእማማ ሀዋ ቤት ስንት ሰው አለ

፩

ሳሉ የወንድ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እንዲያም ሆኖ በግድግዳው በኩል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እኔና እማማ ሀዋ አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው አንዋር ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

የማጥበውን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

፪

ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ስለ ድጎማው መናገር አለብኝ። አሰልቺ ክፍል ነው፤ ግን ዘላችሁት አትለፉ። ፍርሃቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ተረጂ አለ። ጉልበት ያለው ቦይ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፣ በወሩ ይከፈለዋል። እኔ ከእነዚህ ነኝ። ያረጀ፣ የታመመ ወይም አካሉ የተጎዳ፣ ጧሪም የሌለው ደግሞ ሳይሠራ ይሰጠዋል። እማማ ሀዋ ከእነዚያ ናቸው። ገንዘቡ በባንክ ይገባል፤ አንዳንዴ ይዘገይና የሁለት ወሩ አንድ ላይ ይመጣል። በዓመት አንዴ ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ያጣራል። መሥራት የሚችል ጎልማሳ ልጅ ቤት ውስጥ ከተገኘ የአሮጊቷ ስም ይሰረዛል።

ከኮሚቴው አባላት አንዷ እኔ ነኝ።

፫

በማግስቱ፣ በአጥር በኩል፦

እኔ፦ እማማ፣ ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?

እሳቸው፦ ኧረ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

እኔ፦ ሳል የሰማሁ መስሎኝ ነው።

እሳቸው፦ ሬዲዮ ነው፣ ልጄ።

ሬዲዮ የላቸውም።

፬

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሰው ለመደበቅ

(ይህን ኋላ ከእሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። በትእዛዝ መልክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሌላ መልክ ስሞክረው ከመጀመሪያው መስመር አላልፍ አልኩ።)

ጎረቤት ሲመጣ ደጅ ላይ ተቀበዪ። ጫማውን ከአልጋው ሥር ግፊው። ሽሮ ስትገዢ እንደ ድሮው ግዢ፤ ባለሱቁ ልብ ይላል። አንቺ ትንሽ ብዪ። ሲያስለው ትራስ አፉ ላይ ያዢ።

ልጅሽ መሆኑን አትርሺ።

በጣም አትጫኚ።

፭

የማጣራቱ ቀን ሲቃረብ ሰብሳቢያችን አቶ ገዛኸኝ ከስብሰባ በኋላ አስቀሩኝ።

«ሀዋ ቤት ወንድ አለ የሚል ወሬ ደርሶናል» አሉ። «ብርቄ፣ ግድግዳ ትጋሪያለሽ። ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም።»

እያወቀ የሸሸገ አባል ከኮሚቴው ወጥቶ ብቻ አይቀርም፤ የራሱም ስም ይሰረዛል። ልጆቼን የማበላው ደግሞ በዚያው ገንዘብ ነው።

፮

የእማማ ሀዋን በር ሳላንኳኳ ገፋሁት።

አንዋር አልጋው ላይ ተቀምጧል። የማውቀው አንዋር ሲሚንቶ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎረምሳ ነበር። ይሄኛውን ብርድ ልብሱ እንኳ የከበደው ይመስላል። በሄደበት አገር እስር ቤት ውስጥ ነው የታመመው።

«ይሄ ይጦርሻል ይሉኛል?» አሉ እማማ ሀዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይሉም። የታመመ ሰው ጧሪ ተብሎ አይቆጠርም። የሐኪም ማስረጃ ካመጣ እንዲያውም እሱም ይመዘገባል።»

«ሐኪም ቤት ስወስደው ሰው ያየኛል።»

«ይይዎታ።»

«ሸሽጋ ስትበላ ከርማለች ቢሉኝስ? የበላሽውን መልሺ ቢሉኝስ? ፈርቼ እኮ ነው፣ ብርቄ።»

ደንቡ ስለ በሽተኛ ይናገራል፤ ስለፈራ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም።

«እኔ እሄድላችኋለሁ» አለ አንዋር፣ ግድግዳውን እያየ። ለመነሳት ሞከረ። አልቻለም።

፯

ኮሚቴው መጣ። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል።

«ብቻዎን ነዎት?» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

አቶ ገዛኸኝ ይጽፋሉ። እኔ መጋረጃውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ሳሉን እጠብቃለሁ።

አልመጣም።



አሁንም አልመጣም።



እማማ ሀዋም እንደኔ ሲጠብቁ እንደነበር ያወቅኩት ፊታቸው ሲለወጥ ነው። እስከዚያ የፈሩት ሳሉን ነበር፤ አሁን ዝምታው አስፈራቸው። ብድግ ብለው መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ገለጡት።

አንዋር ትራሱን አፉ ላይ እንደያዘ ራሱን ስቷል። ትራሱ ላይ ደም አለ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ሰርዙኝ። ብቻ እሱን አንሱልኝ።»

፰

በብርድ ልብስ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። በራስጌው በኩል የያዙት አቶ ገዛኸኝ ነበሩ። ሐኪሙ የሳንባ በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው አለን። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና የእማማ ሀዋን ፊት ሲያይ ተወው። አሁን አንዋር መድኃኒቱን ይወስዳል። ተደግፎ ይቀመጣል። በሩ ክፍት ነው።

ኮሚቴው ግን መሰብሰብ ነበረበት። ገሚሱ ይሰረዙ አለ፤ ሲዋሹ በጆሯችን ሰምተናል። ገሚሱ ይቆዩ አለ። አቶ ገዛኸኝ ሁሉንም አዳምጠው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ለማጭበርበር ከሆነ ይሰረዛሉ» አሉ። «ደንቡ ሳይገባቸው ፈርተው ከሆነ ግን ይቆያሉ፣ ልጁም ይመዘገባል። ግን በግምት አልወስንም። ከማጣራቱ በፊት ፍርሃታቸውን ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው አለ?»

የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰምቻለሁ ካልኩ ቤቱ ገብቼ ነበር ማለት ነው። ገብቼ ከነበረ ለአቶ ገዛኸኝ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ልጆቼ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ምሳቸውን ቋጥሬ ሰድጃቸዋለሁ።

አቶ ገዛኸኝ ዞረው አዩኝ።

«ብርቄ?»

ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

፱

«ቤታቸው ገብቼ ነበር፤ ፈርቼ እኮ ነው ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ።