ሙሄ ፒያኖ

ሙሄን በቀወት የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀውም በስንፍናው ነው። ወፍ እንዲጠብቅ ማማ ላይ ቢያወጡት ወፎቹ እሱው ላይ አርፈው ማሽላውን ይበሉ ነበር ይባላል። ሚስቱ ሐጂራ ደግሞ፣ «ባሌ የሞተ ቀን ማን ያውቅልኛል? እንደ ሁልጊዜው ተኝቷል እንላለን እንጂ» ትል ነበር።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ ጣልያን ሮቢ ወንዝ ዳር ሥራ የሰጠው። ጣልያን ከገባ ሁለተኛው ክረምት ነው። ክረምት ላይ ሮቢ ከውሃው ጭቃው ይበዛል። መንገድ የሚሠሩት ወታደሮች ያንን እየጠጡ፣ ሆዳቸውን ይዘው ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲሯሯጡ ከረሙ። አገር ሊገዙ መጥተው ሱሪያቸውን መግዛት አቃታቸው።

መላ ይፈልግ የተባለ አንድ ቀጭን መሐንዲስ መጣና ከሳንቃና ከቆርቆሮ የሙከራ ገንዳ አቆመ። ገንዳው ውስጥ የእንጨት መቅዘፊያዎች አሉ፤ ከውጭ ባለ እጀታ ይዞራሉ። መሐንዲሱ «አሉሜ» የሚለውን ነጭ ድንጋይ ፈጭቶ በጥብጦ ጭቃው ውሃ ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መዞር አለበት። ያኔ ውሃው ውስጥ የተበተነው አፈር እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ተቆራረጠ ወተት ይቋጠርና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ላዩ ይጠራል። ከቸኮሉበት ግን የተቋጠረው ይፈርስና ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ችግሩ ካፖ የሚሉት የሠራተኞች አለቃ ነበር። ይህ ሰው ከአለንጋ በቀር ቋንቋ አያውቅም። መሐንዲሱ ከፊት «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ይላል፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ካፖ ከኋላ ጀርባ ይሞሸልቃል። ተገራፊው ማንን ይስማ? የአገሩ ጎበዝ ሁሉ በየተራ እጀታውን ይዞ እየተገረፈ ቢያሽከረክር ውሃው መጥራት ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን ካፖ ሙሄን ከግራር ሥር ጎትቶ አመጣው። ገረፈው። ሙሄ ግን በሐጂራ ምላስ የተፈተነ ገላ ነው፤ ቢገረፍም አይፈጥንም። እያዛጋ አዞረው። መሐንዲሱ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ቢያነሳው፣ በወዲያኛው ጎን ግራሩ ወለል ብሎ ታየው። ካፖን ከገንዳው አባረረና ሙሄን አቀፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ የአገሩ ሰው ሙሄ ፒያኖ አለው።

ኑሮ ተመቸው። ጠዋት የታችኛውን ቀዳዳ ከፍቶ የዘቀጠውን ጭቃ ይጠርጋል፤ የእጀታውን ብረት ሞራ ይቀባል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዞራል። በይፋት ምድር ተኝቶ ዳቦ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር።

እንዲህ ሳለ አስተርጓሚው ገብረሚካኤል መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ሐሙስ ኮሎኔሉ ይመጣል» አለው። «ውሃው ጠርቶ ካየው ትልቁ የጦር ሰፈር እዚሁ ይተከላል። ከዚህ እስከ ግራሩ ድረስ ማሽላው ይመነጠራል። ካልጠራ ወደ ጀውሃ ወንዝ ያልፋሉ።»

«የማን ማሽላ?»

«እዚህ ያለው የማን ነው?»

እዚህ ያለው ሐጂራ ከአባቷ የወረሰችው ነበር። ከጎኑ የሼህ ሳልህ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ሁሉ። ሌላ መሬት የላቸውም። ሙሄ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፉ ጠፋ።

አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ባለመሬቶቹ ተሰበሰቡ። አብዱሰላም የሚባለው ቁጡ ጎረቤት «እንስበረው» አለ። ሼህ ሳልህ «ገንዳውን ስበርና መንደሩን ያቃጥሉልህ» አሉት። አሉሜውን እንስረቅ ያለም ነበር፤ መሐንዲሱ ግን የሚተኛው የአሉሜው ሳጥን ላይ ነው። ይሄኔ ሐጂራ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ያጠፋን የዚህ ሰው ስንፍና ነው። ያ ሁሉ ጎበዝ ታግሎ ያላጠራውን ውሃ እሱ ተኝቶ አጠራላቸው። ምናለ አንድ ቀን፣ ለአላህ ብለህ አንድ ቀን፣ እንደ ሰው ብትሠራ?»

 ሼህ ሳልህ ጺማቸውን ያሹ ጀመር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። «ሙሄ፣ ሐሙስ ቸኩል።»

የሙሄ ፊት ጠቆረ። «ቀኑን ሙሉ?» አለ።

ሐሙስ ኮሎኔሉ ዝንብ እያባረረ ደረሰ። መሐንዲሱ አሉሜውን አፈሰሰ። ሙሄ እጀታውን ጨበጠና ገንዳው እስኪንገጫገጭ ያሽከረክረው ገባ። መሐንዲሱ «ፒያኖ» አለ፤ ደግሞ አለ፤ በመጨረሻ እጁን ሊይዘው ዘለለ።

«ለትልቁ ጌታ ክብር እንዴት ቀስ እላለሁ?» አለ ሙሄ እያለከለከ። ገብረሚካኤል ይህንን ሦስት እጥፍ አስረዝሞ ተረጎመው።

ኮሎኔሉ ሳይገረፍ የሚሠራ ሰው አይቶ አያውቅም ኖሯል፤ «ተወው» አለና መሐንዲሱን በዘንጉ ገፋ አደረገው። ካፖም ከሩቅ ሆኖ ደስ ብሎት አጨበጨበ። ጠርሙሱ ሲቀዳ ግን ከነጭቃው ያው ሮቢ ነው። ኮሎኔሉ አሸተተው፤ ፊቱን አጨማደደ፤ «ጀውሃ ይሁን» አለ። ባለመሬቶቹ ማሽላው ውስጥ ተደብቀው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ኮሎኔሉ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ዞረ። «ይህንን ሰው ግን ውሰዱት። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይጣልም።»

ሙሄን ከፈረሰው ገንዳ ጋር ካሚዮን ላይ ጫኑት። ሐጂራ እየሮጠች ደረሰችና የመኪናውን ጎን ያዘች። «ሙሄ፣ ሰነፍ ያልኩህን አፉ በለኝ» አለችው። መኪናው ተነሳ። 

መስከረም ሲጠባ ገንዳው ጀውሃ ላይ፣ ከሌላ ሰው ማሽላ ጫፍ ቆመ። መሐንዲሱ ሞኝ አልነበረም። ገብረሚካኤልን ጠርቶ አስነገረው፦ «ውሃው በጠራ ማግስት ወደ ሚስትህ ትመለሳለህ። ካልጠራ ግን እስከ ደሴ ባለው ወንዝ ሁሉ ይዤህ እዞራለሁ።»

ሙሄ ይህንን ሲሰማ ቀለለው። ቀስ ማለት ብቻ ነው። እሱ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ማሽላውም የሱ አይደለም።

በዚህ መሃል ባለማሽላዋ እትዬ ሐምዲያ የሚባሉ አሮጊት ከማማቸው ወርደው መጡ። ውሃው ከጠራ ማሽላቸው እንደሚመነጠር የነገራቸው ሰው የለም። አንድ ጥንቅሽ ልጠው ሰጡት።

«እንካ ልጄ፣ ፀሐዩ አከሰለህ እኮ» አሉት። «ማሽላው ሲደርስ ደግሞ እሸቱን እጠብስልሃለሁ ኢንሻአላህ።»

ሙሄ ጥንቅሹን መጠጠ። ምነው ሬት በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ግን ጣፋጭ ነበር። ሐጂራ ናፈቀችው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መሐንዲሱ አሉሜውን አፈሰሰና «ፒያኖ፣ ሙሄ» አለው፣ ሊለምነው ምንም አልቀረው። ሙሄ አሮጊቷን፣ ጀውሃን፣ ከጀውሃ እስከ ደሴ ያለውን ወንዝ ሁሉ አንድ በአንድ በሆዱ ረገመ። ከዚያ እጀታውን ጨብጦ እንደ እብድ ያሽከረክረው ጀመር።