ያልጠቆረው ቀለም

ማሩ ጋፋት መድፍ ከሚሠራበት ስፍራ ወናፍ ሲነፋ ውሎ ደብረ ታቦር ሲገባ ክንዱ የራሱ አይመስለውም ነበር። የዚያን ሰሞን ግን ስለ ክንዱ የሚያስብ አልተገኘም። የሚስቱ አባት መሪጌታ ጥበቡ ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ የሚጽፉት ዳዊት አንድ ገጽ ብቻ ቀርቶታል፤ ቀለሙ ደግሞ አልቋል። ሚስቱ ጸዳለ ጥላሸትና የተቆላ እህል በጥብጣ አዲስ ቀለም አስቀምጣ ነበር፤ ግን እስኪደርስ ስድስት ወር ይፈልጋል። የሳቸው ዓይን ስድስት ወር አይቆይም።

እሳት የስድስት ወሩን በአንድ ቀን ቢያደርስልኝ ብሎ ማሩ የተጣለ የጠመንጃ አፈሙዝ ፈለገ። ከብጥብጡ እስከ ግማሽ ሞላበት፣ ጠጠር ጨመረበት፣ ሁለቱን ጫፍ በብረት አስደፈነና ፍም ውስጥ ከተተው። ሞኝነት ይሁን ተስፋ እሱም አለየውም። በጉጠት ይዞ ሲያወዛውዘው መጀመሪያ ፈሳሹ ይንቦጫረቃል። እሳቱ ሲበረታ ግን መንቦጫረቁ ጠፋ፤ ጠጠሩ ባዶ ብረት ውስጥ እንዳለ ቋ ቋ ማለት ጀመረ።

"ሾልኮ አልቋል" አለ ጫፎቹን የደፈነለት ቀጥቃጩ ጌጡ።

ድፍኑን ቢመረምሩት ጠብታ አልወጣም። አውጥተው ሲያቀዘቅዙት ፈሳሹ እንደገና ተንቦጫረቀ። ውሃው እዚያው ነበር፤ ለጊዜው ውሃነቱን ትቶ ነው እንጂ።

ሲከፍቱት ጥቁሩ ሁሉ ተጋግሮ ከብረቱ ተጣብቋል። የተረፈው አረር አረር የሚሸት ጥርት ያለ ውሃ ነው። ማሩ በጣም አዘነ። ቢሆንም ውሃውን በቀለም ቀንዱ ይዞ ሄደ።

"ጠቆረ?" አሉ መሪጌታ ቀንዱን በጣታቸው እየዳሰሱ።

"ጠቁሯል አባቴ፤ ይጻፉ።"

ሦስት ቀን ጻፉ። ብርዑ ብራናውን እየጫረ አለፈ፤ ከጭረቱ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ማሩ አጠገባቸው ቆሞ አፈረ።

መሪጌታ ገጹን ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከተቀበሩ በኋላ የጸዳለ ቀለም ደረሰ። ፊደል የማይለየው ማሩ ከጋፋት በተመለሰ ቁጥር ብራናውን ወደ ብርሃን እያዘነበለ፣ ጭረቱን እየተከተለ ያጠቁር ጀመር። የመጨረሻውን መስመር ሲጨርስ የደብሩን ዲያቆን ጠርቶ፣ "ይሄ ምን ይላል?" አለው።

ዲያቆኑ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

"ዳዊቱ ከላይ አልቋል። ይሄ የራሳቸው ቃል ነው፤ 'ጌታ ሆይ፣ ስለ እኔ ብሎ የዋሸውን ማሩን ይቅር በልልኝ' ይላል።"

ማሩ ብርዑን እንደያዘ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።