የዱንያ ይቅርታ

"እና ጠሀ፣ ዋንጫውን የት ልታስቀምጠው ነው?" አለ ምንይሉ፣ ከፊት ለፊት ሱቁ ቦርሳ እየሰቀለ።

ጠሀ የጫማ ካርቶን ታቅፎ መሰላል ላይ ነበር። ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ ገፋ አድርጎ አስገባው። ከጠዋት ጀምሮ በዱባይ ተራ የገበያ ሕንፃ በሱቁ በር ያለፈ ነጋዴ ሁሉ ይህንኑ ነው የጠየቀው። መጀመሪያ ላይ ስቆ አልፎት ነበር፤ አሁን ግን ሰልችቶታል።

ትናንት እሑድ የሰፈሩ የሴት ታዳጊዎች ቡድን ለዋንጫ ተጫውቶ ነበር። ማሊያውን የገዙት የዚህ ሕንፃ ነጋዴዎች ናቸው፤ ግብ ጠባቂዋ ደግሞ የጠሀ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዱንያ ናት። አንድ ለአንድ ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከእጇ አመለጠችና የግቡን መስመር አለፈች። ዱንያ ተወርውራ መለሰቻት። ዳኛው በደንብ አላየም። ግራ ገብቶት መጥቶ "ገብታለች?" ሲላት "አዎ" አለችው። በቃ፣ ዋንጫው ሄደ።

"ስቀልድ ነው እኮ" አለ ምንይሉ። "ግን ልጅቷን ምን ነካት? ዳኛው ካላየ አላየም ነዋ!"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

"ስፖርት ልጅን ሰው ያደርጋል እያልክ ማሊያ ያስገዛኸን አንተ አይደለህ?"

ይህች ንግግር ልቡን ወጋችው። እውነት ነው፣ ብሏል። ልፋቱ ያጠነክራታል፣ መሸነፍን ትለምዳለች፣ ነገ ሱቁን ስትረከብ ማንም አያታልላትም ብሎ ነበር ያሰበው። እንዲህ ያለ ጣጣ ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ከምሳ በኋላ አሠልጣኙ ይገረም ደወለ።

"ጋሽ ጠሀ፣ ልጆቹ አኩርፈዋል። ዛሬ ልምምድ ላይ ፊታቸው ቆማ ይቅርታ ትጠይቅ። ካልሆነ ባትመጣ ይሻላል።"

"ትጠይቃለች" አለ ጠሀ። ሌላ ክርክር የሚገጥምበት አቅም አልነበረውም።

ዱንያ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገራት።

"ምን አጠፋሁና አባ? ገብታለች እኮ።"

"አልገባችም ማን አለ? አንዲት ቃል ናት፤ በያትና ተገላገይ።"

"ካላልኩስ?"

"መጫወቱ ይቀራላ!"

ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ከኳስ የምታስበልጠው ነገር የላትም። ይህን እያወቀ መጫኑ ለራሱም አስጠላው፤ ግን አንዴ ቃሉን ሰጥቷል። ሱቁን ለምንይሉ አደራ ብሎ አብሯት ወጣ። በተሸካሚዎችና በጋሪዎች መሀል እየተጋፉ ሜዳው ደረሱ።

ይገረም ልጆቹን አሰልፎ ጠበቃቸው። ዱንያ ፊታቸው ቆመች።

"ኳሷን በደንብ አልያዝኳትም" አለች። "ስለዚያ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ይገረም ትንሽ ጠበቀ። "ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ለዳኛው ስላልሽውስ?"

"እሱ ጥፋት አይደለም።"

ልጆቹ አጉረመረሙ። ይገረም ወደ አባትየው ዞረ። "ጋሽ ጠሀ፣ እንዲህ ነበር እንዴ የተባባልነው? አንድ ነገር ይበሏት እንጂ!"

ጠሀ ልጁን አያት። ፈርታለች፤ ያስታውቅባታል። ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ኮራባት፣ ደግሞም አዘነላት። ነገ ምንይሉ የሚለው ሁሉ ከወዲሁ ተሰማው፤ ቤቱ ሄዶ ጋደም ማለት አማረው።

"ጨርሳለች" አለ።

ይገረም ብዙ ካመነታ በኋላ "እንግዲያው ተጠባባቂ ትሆናለች" አለ። "እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።"

"እሺ" አለች ዱንያ። ጓንቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችውና ከሰልፉ መጨረሻ ገባች። ማንም ዞሮ አላያትም።

የጠሀ ስልክ ጠራ። ምንይሉ ነው።

"ኧረ ቶሎ ና! የጅማው ደንበኛህ መጥቶ ቆሟል፤ ብዙ ዕቃ ሊያነሳ ነው።"

ልጆቹ ሜዳውን መዞር ጀምረዋል። ዱንያ ብቻዋን ከኋላ ትሮጣለች።

"ነገ ይምጣ በለው" አለ ጠሀ። "ሱቁንም ዝጋልኝ።" ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።