አምስተኛዋ እንስሳ

ብሪና ኮባል ብራስልስ የሄደችው ለወጣት ተመራማሪዎች ገንዘብ በሚሰጥ የአውሮፓ ፈንድ ልትወዳደር ነው። ፈንዱ የሚያወዳድረው ከዶክትሬት በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው፤ የእሷ ዘንድሮ ያልቃል። ካለፈች የራሷ ላቦራቶሪ ይኖራታል። ካልሆነ ሉብሊያና ያለው ዩኒቨርሲቲዋ በጋ ሲገባ ውሏን አያድስም።

የምታጠናው በዋሻ ውሃ ውስጥ የሚኖረውን፣ የአገሯ ሰዎች «ሰው ዓሣ» የሚሉትን ነጭ ፍጥረት ነው። ዓይኑ አያይም፣ እግሩ ክር ነው፣ ዓመታት ሳይበላ ይቆያል። ከዚያ የረሃብ ዘመን ምን ያነቃዋል? ብሪና አግኝቼዋለሁ ትላለች፤ ጎርፍ ገብቶ ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው። ከአምስቱ እንስሳቷ አራቱ ውሃው ሲቀዘቅዝ ነቅተው በሉ። አምስተኛዋም ነቃች፤ ምግቡ አፏ ሥር ሆኖ ግን አልበላችም። ደግሞ አልከሳችም።

ይህችን ከማመልከቻው ያስወጧት አለቃዋ ፕሮፌሰር ቦጎሚር ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ቡሬክ የሚባለውን የአይብ ቂጣቸውን እየገመጡ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ለሚል ገንዘብ የሚሰጥ የለም። ያለቀውን አሳዪያቸው፤ በገንዘባቸው የሚቀጥለውን ትሠሪያለሽ። ሁላችንም የኖርነው እንዲህ ነው።»

«አምስተኛዋስ?»

«ታማለች በያ!»

«አልታመመችም እኮ ፕሮፌሰር። ከእኔ ትሻላለች።»

«እንግዲያው እሷ ትወዳደር!»

ብሪና ሳቀች። አወጣቻትም። ነገሩ ፌዝ ነው፤ ፈንዱ ያልታወቀውን አምጡ ብሎ ይጣራል፣ ተወዳዳሪው የታወቀውን አሳምሮ ይዞ ይሄዳል።

ገምጋሚዎቹ ፊት የተቀመጠው ሰዓት የቀራትን ደቂቃ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ብሪና ያጠናችውን አንድም ሳታጎድል ተናገረች። ሸምገል ያለች አየርላንዳዊት ገምጋሚ መነጽሯን አወለቀች።

«ያምራል። መልሱ ካለሽ ታዲያ ከእኛ ምን ፈለግሽ?»

ብሪና የተለማመደችውን መለሰች፤ ማረጋገጥ፣ ማስፋት። የገምጋሚዎቹ ዓይን ወደ ወረቀታቸው ሲመለስ አየችና ፈራች።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ፣» አለች ሴትየዋ። «እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር የለም ወይ?»

ብሪና ወደ ሰዓቱ አየች። የፕሮፌሰሩ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር። ሰዓቱ ግን ይሮጣል።

«አንዲት እንስሳ አለችኝ፣» አለች በመጨረሻ። «ከሥራው ያወጣኋት። ነቅታለች፣ አትበላም፣ አትከሳም። በምን እንደምትኖር እኔም—»

ሰዓቱ ጮኸ። ሴትየዋ ወንበሯን ወደ ፊት ስባ ነበር። ሰብሳቢው ግን እጁን አነሳ፤ እዚያ ቤት ከደወል በኋላ የተነገረ አይሰማም፣ ማመልከቻው ላይ የሌለም አይመዘንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባት።

ውጤቱ የመጣ ቀን ፕሮፌሰሩ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ምን አሉ?»

«ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን አልቋል አሉ። ስለ አምስተኛዋ ግን ያን ዕለት አንዷ ገምጋሚ ወጥታ ኮሪደር ላይ ጠየቀችኝ።»

«እህ?»

«በምትኩ እሷን ይዘሽ ብትመጪ ኖሮ አለችኝ።»

አዛውንቱ ወለሉን አዩ። ብሪና ይቅርታ ሊጠይቁ መስሏት ጠበቀች። እሳቸው ገንዳው አጠገብ ሄደው ነጯን ፍጥረት ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«የፈንዱ የአንጋፋ ተመራማሪዎች ዙር በቅርቡ ይከፈታል፣» አሉ። «አንቺ ከሄድሽ አይቀር እሷን ለእኔ ተዪልኝ።»

ብሪና እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እንስሳዋን ከነውሃዋ ወደ ባልዲው አዛወረችና ክዳኑን ገጠመች።

«ታማለች እኮ ፕሮፌሰር፣» አለች። «ወደ ዋሻዋ ልመልሳት ነው።»